ጊዮርጊስ የሚጠብቃት ካሜራ

የመምህር ወልደ ጻድቅ አስከሬን ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ጣና ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያቸው ጀልባ መቆሚያ ሥር፣ ከደንገሉ መካከል ተገኘ። ግንባራቸው ተፈንክቷል። ፖሊስ ዘበኛውን ባምላክን ይዞ አሰረ።

ልጃቸው አደይ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ትሠራለች። አባቷን ማዞር ስለሚጥላቸው፣ መቆሚያው ላይ ካሜራ የሰቀለችውም ከኔትወርኩ ያገናኘችውም ራሷ ናት፤ ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ልታያቸው። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እያየቻቸው ምስሉ ጠፋ። ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ምስሉ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

«ምን አጥፍቼ ይሆን?» አለቻቸው ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅን።

«መብራት ሄዶ ነበር?»

«አልሄደም። ኢንተርኔቱም ነበረ፤ ተከራያችን መርስዔ ኀዘን ክፍሉ ሆኖ ሲሠራበት ነበር።»

«ካሜራዋን ስትሰቅዪ ምን አደረግሽ?»

«ቋሚ አድራሻ ሰጠኋት፤ እንደ ቤት ቁጥር በሉት። ሃያ ሦስት። አባቴ ናቸው ‹ጊዮርጊስ ይጠብቃት› ብለው የመረጡት። ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።»

«ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ቢይዝስ?»

«ይጋጫሉ፤ አንዱ ይጠፋል። ግን ሌላ ሃያ ሦስት እዚህ የለም፤ አጣርቻለሁ።»

«ዛሬ የለም» አሉ ኢንስፔክተሯ።

ባምላክ እስር ቤት ሆኖ ያችኑ አንዲት ቃል ይደጋግማል። «መምህር ‹የቤት ሰው ይመጣል፣ ብቻችንን ተወን› ብለው ቤንዚን እንድገዛ ላኩኝ። ማን ያምነኛል?»

የአደይ የአጎት ልጅ ምሥጋና እስከ ፋሲካ ማረፊያውን ያስተዳድር የነበረ ነው፤ ተጣልቶ ወጣ። «ከፋሲካ ወዲህ ይህን ግቢ አልረገጥሁም። ሐሙስ ዕለት ሐሙሲት ከተማ ነበርሁ» አለ። ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ «የጊዮርጊስን ጽዋ አብረን የጠጣን ነን!» ሲል ጨመረ። ኢንስፔክተሯ የድሮውን የእንግዶች መዝገብ ከነኮምፒውተሩ ይዞ እንዲመጣ አዘዙት።

እሑድ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ባምላክም በካቴና መጣ። የአደይ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ባዶው ወንበር ይታያል።

«መርስዔ፣ ኮምፒውተርህን ክፈት» አሉ ኢንስፔክተሯ።

ከፈተ። ወንበሩ እንዳለ ነው።

«ምሥጋና፣ አንተም ኮምፒውተርህን ክፈትና መዝገቡን አሳየን።»

ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠቆረ። አደይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኮምፒውተርህ ስንት ቁጥር ነው?»

«እዚህ ስሠራ እንዳይቆራረጥብኝ... ሃያ ሦስት አልሁት። በጊዮርጊስ።»

«ያኔ ካሜራ አልነበረም፤ ስለዚህ አልተጋጩም። ካሜራዋ ከተሰቀለች ወዲህ የጠፋችው አንዴ ነው፣ ሐሙስ። አንተ ቃል ባትተነፍስም ኮምፒውተርህ ግን ቤቱን አይረሳም፤ እንደ ደረሰ በራሱ ይገናኛል። መምህር ለባምላክ ‹የቤት ሰው› ያሉትም አንተን ነው። ኮምፒውተሩን ለምን አመጣኸው?»

«የማረፊያውን መሬት ውል አሳይቼ ላስፈርማቸው። እንቢ አሉ። ገፋኋቸው፤ ግንባራቸው ከእንጨቱ ተጋጭቶ ውኃ ውስጥ ወደቁ።»

«ወዲያው ሞቱ?»

ምሥጋና ወደ ጠቆረው ስልክ ተመለከተ።

«የመቆሚያውን ምሰሶ ይዘው ቆዩ። አንድ እጃቸውን ወደ ካሜራዋ እያነሡ ‹አደይ ታየኛለች› ይሉ ነበር። እኔም ታያለች፣ ሰው ትልካለች ብዬ ደርቄ ቆምሁ። ማንም አልመጣም። እጃቸው ለቀቀ።»

የባምላክ ካቴና ተፈታ። ሽማግሌው የእጁን አንጓ እያሸ ያለቅሳል።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ልጄ» አሉ ኢንስፔክተሯ። አደይ ራሷን ነቀነቀች፤ የሰማች ግን አትመስልም። ፖሊሱ የምሥጋናን ኮምፒውተር ዘጋው፤ ስልኩ ላይ ምስሉ ተመለሰ። ወንበሩ፣ ምሰሶው፣ ውኃው።

አደይ ስልኩን በሁለት እጇ አነሣችው።

«አላየሁዎትም፣ አባቴ» አለች። «አላየሁዎትም።»