ለጎጎ የተቀመጠ ሳህን

«ማራ! ነይ እስቲ ይሄን ጉድ እዪ!»

ማራናታ ደብተሯን እንደያዘች ወደ ጓሮ ሮጠች። ያ ሳምንት የእሷ ፈረቃ አልነበረም፤ በኮሮና ምክንያት ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ አንድ ሳምንት ትማራለች፣ አንድ ሳምንት ቤት ትውላለች። አባቷ ዱካሞ እንሰቱ ስር ተንበርክኳል። አፈሩ ተቆፍሯል፤ ነጩ የእንሰቱ ሥር፣ አምቾው፣ ተገዝግዟል። ዳር ላይ ጥቁርና ነጭ እሾህ ወድቋል።

«ጃርት!» አለ አባቷ። «ከከምባታ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ ይምጣ?»

ማራናታ አንዱን እሾህ አነሳች። ጃርቷን ታውቃታለች። ስም ሁሉ አውጥታላታለች።

የእንሰቱን ነገር በቤቱ የማያውቅ የለም። ከአራት ዓመት በፊት አባቷ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቤኖኒ ከተማ ውስጥ አንድ አበባ መሸጫ ገብቶ፣ ለግቢ ማሳመሪያ ተብሎ ተደርድሮ አየው። «ጉድ በሉ! የእኛን ምግብ ለጌጥ ይሸጡታል!» እያለ ታክሲ ውስጥ ታቅፎት መጣ። ከዳቬይተን ወጣ ብሎ ካለው ሱቃቸው ጀርባ ተከለው። ውርጭ በሚጥልበት ወራት ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። እናቷ ኤርጎጌ በሱቁ መስኮት ብቅ ብላ፣ «ለእኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

በጁላይ አያቷ ከምባታ፣ ዱራሜ ላይ አረፉ። አውሮፕላን የለም፣ ድንበሩ ዝግ ነው። አባቷ የአባቱን ቀብር በስልክ አየ፤ ምስሉ እየቆመ፣ እየተቆራረጠ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንሰቱ ስር ይቀመጣል። አንድ ቃል አይወጣውም። ዝናቡም አብሮት ያኮረፈ ይመስል ኦክቶበር ገብቶ ጠብ አላለም። የጉድጓዱ ፓምፕ ከውሃው ይልቅ አየር ይተፋል፤ የልብስ እጣቢው ሁሉ ለእንሰቱ ነው።

አውሬው ገና ከጁላይ ጀምሮ ነው ውሃ ፍለጋ ወደ ቤቶቹ መጠጋት የጀመረው። ዥግራው ቧንቧው ስር ይርመሰመሳል፣ ጥንቸሉ ሰው አይፈራም። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ማራናታ አንዲት ጃርት ቧንቧው ስር የረጠበውን የሲሚንቶ ወለል ስትልስ አገኘቻት። አንጀቷን በላቻት። በአሮጌ ሳህን ውሃ አስቀመጠችላት፤ በማግስቱ ከሱቁ የተበላሸ ድንችና ዱባ ጨመረች። አካሄዷ ነጠላ ጫማ እንደምትጎትት አሮጊት ስለሆነ «ጎጎ» አለቻት፤ ዙሉዎቹ ደንበኞቻቸው አያታቸውን እንደሚጠሩት። ጎጎ ስትበላ ማራናታ ታወራላታለች፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ካየቻቸው ወራት ስላለፋቸው ጓደኞቿ።

ሳህኑ ከእንሰቱ አሥር እርምጃ አይርቅም። ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አባቷ አፈሩን በእጁ እየመለሰ። «ውሃ አበዛሁበት። አገሩ ሁሉ ደርቆ እዚህ ብቻ ሲለመልም አውሬ አይመጣም? አባቴን አልቀበርኩ፣ ተክሉን አልጠበቅኩ። እኔ ምን የሚረባ ነገር አለኝ?»

ማራናታ ሳህኑን ከደብተሯ ስር ይዛ ወደ ሱቁ ገባች።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ሁሉም «ማዳላ» ከሚሉት ከሽማግሌው ጎረቤታቸው ዘንድ ጥርስ ያለው የብረት ወጥመድ ተውሶ መጣ። ማራናታ ሳህኑን አጥባ ከለስላሳ ሳጥኖቹ ጀርባ ደብቃ ነበር። ዝም ካለች ማንም አያውቅም። ጎጎ ግን ዛሬም ትመጣለች። አባቷም ዕድሜውን ሙሉ «በእኔ ጥፋት ነው» እያለ ይኖራል።

ሳህኑን ይዛ ወጣች።

«ባባ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እኔ ነኝ ያስለመድኳት።»

አባቷ ወጥመዱን እንደያዘ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ውሃ እሰጣታለሁ። ምግብም። ከጁላይ ጀምሮ።»

«ከጁላይ! እንሰቴ አጠገብ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ታናግረኛለህ?» አለችው። «አያቴ ከሞቱ ጀምሮ መቼ አናገርከኝ? እሷ ብቻ ነች የምትሰማኝ!»

አባቷ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ታየ። ቁጣው ግን አልወጣለትም። ወጥመዱን መሬት ላይ አስቀምጦ እዚያው አፈሩ ላይ ዘጭ አለ።

«በአንቺ ዕድሜ» አለ፣ «ጃርት የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። አባቴ የእንሰቱ ዳር ላይ ጎጆ ሠራ። ጃርቱ እንዲሸሽ ቆርቆሮ እየመታን እናመሻለን። ቤት ውስጥ አፉን የማይከፍት ሰውዬ፣ እዚያ ስንቀመጥ ወሬው አያልቅበትም ነበር።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? አንድም ጃርት ገድለን አናውቅም።»

ማራናታ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች።

«ሳህኑን አርቂው» አለ በመጨረሻ። «ከአጥሩ ወዲያ።»

ከአጥሩ ወጥታ ባሕር ዛፎቹ ስር ሳህኑን አስቀመጠች፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘችውን ውሃ አንጠፍጥፋ ሞላችው። ስትመለስ አባቷ ወጥመዱን በዱላ ነክቶ ጥርሱን አስገጥሞታል። አባቷ አሁንም አፈሩ ላይ ነው። ወደ ሱቁ ገብታ ሁለት ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች፣ አንድ የዘይት ቆርቆሮና ሁለት እንጨቶች ይዛ ወጣች። ሳጥኖቹን ጎን ለጎን እንሰቱ ስር ደፋቻቸው። ትልቁን እንጨት ለእሱ ሰጠችው።

«ባባ፣ ጎጆዋ ምን ያህል ነበረች?»

አባቷ ተነስቶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ዘርግቶ ለካላት፤ ስለ ጣሪያዋ፣ ስለ በሯ፣ ዝናብ ሲጥል አያቷ እንዴት ጥግ ጥጉን እንደሚሸሹ ነገራት። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ገባች። ከአጥሩ ወዲያ ደረቁ ሣር ሲንኮሻኮሽ ሁለቱም ሰሙ። ማራናታ እንጨቷን አነሳች።

«ቀስ አድርገሽ ምቺ» አላት አባቷ በሹክሹክታ። «ጎጎ ውሃዋን ትጠጣ።»