ያለ ድምፅ የወረደችው

የምሰሶ ዳንስ መምህርቷ ማሪቪክ ዶሮኒላ አንገቷ ወደማይሆን አቅጣጫ ታጥፎ፣ በየቀኑ ራሷን ስታደንቅበት በኖረችው መስታወት ፊት ተዘርግታለች። ፊቷ ላይ ያለው ድንጋጤ ሳይሆን ቁጣ ነው። ከአጠገቧ ከወለል እስከ ጣሪያ የተተከለው አራት ሜትር ተኩል የብረት ምሰሶ የጠዋት ፀሐይ እየመታው ያብረቀርቃል። ከሥሩ ፍራሽ አልተነጠፈም።

ሻምበል ፑሪንግ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሿን ለመሰብሰብ በሩ ላይ ቆመች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። በኢሎኢሎ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት ስትሠራ አልለመድ ያላት ደረጃና ውሸታም ብቻ ነው። የበሩን እጀታ ስትይዘው አሟለጫት። መዳፏን አሸተተች፤ የኮኮናት ሎሽን ነው። በመሐረቧ ጠረገችና ገባች።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አለ የሟች ባል ዊልፍሬዶ፣ ገና ሳትጠይቀው። ጣቱን ጥግ ላይ ባልዲዋን ታቅፋ ወደተቀመጠችው የጽዳት ሠራተኛ ቀሰረ። «ካቴና አግቢላትና እንገላገል።»

«አንተው ከያዝካት እኔን ለምን ይህን ሁሉ ደረጃ አስወጣኸኝ?»

ዊልፍሬዶ ቀልድ የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። «ስሚኝ። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንዳትመጪ ብላ ከሥራ አሰናበተቻት። ይቺ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሲወድቅ አያምርም› አለቻት። ትናንት ከታች ካለው ዳቦ ቤት መሰላል ተዋሰች። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቴ ትምህርቱን ልትከፍት ወደ ጫፉ ወጣች፣ ተዘቅዝቃ እግሯን ከላይ አጠመደች፣ እጇን ለቀቀች፣ ወደቀች። በመሰላል ወጥቼ አሸተትኩት፤ የምሰሶው ጫፍ የወለል ሰም ተቀብቷል። በዚህ ቤት ውስጥ የወለል ሰም የሚይዘው ማነው?»

«መሰላሉን ለአምፖል ነው የተዋስኩት» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ኮንሲንግ፣ ከባልዲው ቀና ሳትል። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። «ሰሙ የእኔ ነው። ምሰሶውን ግን ነክቼው አላውቅም። እንድነካው አይፈቀድልኝም።»

«እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ» አለ ዊልፍሬዶ ወደ ሻምበሏ ዞሮ፣ «አለቃሽን በስልክ አነጋግሬዋለሁ፤ ይቺ እስር ቤት ትገባለች። ከዚያም ሬሳዋ ነው የሚወጣው።»

ሻምበል ፑሪንግ አለቃዋን ታውቀዋለች። ሰውየው ያለውን እንደሚፈጽም አልተጠራጠረችም። መሰላሉን አስመጣች፣ ረዳቷን ሳጅን እግሩን እንዲይዝ አዘዘችና እየተራገመች ወጣች። ሰሙ የሚጀምረው ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ቀለም የለውም፣ በዓይን አይታይም፤ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ከዚያ በታች ያለው ብረት ግን እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው። የሟች ትኩስ የእጅ ምልክት ብቻ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታይበታል። ሻምበሏ ይህን ንጽሕና አልወደደችውም።

ከጠዋቱ ተማሪዎች አንዷ ዶክተር ኔኒታ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሃምሳዎቹን ጀምራለች፤ በቁምጣ ተቀምጣ እንኳ ጨዋታ አያልቅባትም።

«ሐኪሜ ለጀርባሽ ዋና ዋኚ አለኝ። እኔ ደግሞ ውሃ እፈራለሁ። ምሰሶ አያሰጥምም ብዬ መጣሁ።»

«ምን ያህል ከፍታ ትወጪያለሽ?»

«አንድ ሜትር የወጣሁ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራለሁ።»

«ስለ ሰሙ ንገሪኝ። ማሪቪክ ከመውጣቷ በፊት ምሰሶውን አታጸዳም?»

«በአልኮል ትጠርጋለች፣ ክንዷ እስከደረሰበት ድረስ። ምሰሶው ላይ የሚይዝሽ ቆዳሽ ነው፣ ሻምበል። ሰው ራቁታችንን ሲያየን ሌላ ነገር ያስባል፤ ልብስ ስለሚያንሸራትት እኮ ነው። ሎሽን የነካው ቆዳማ ታጥቦም ቀኑን ሙሉ አይይዝም። ከላይ ያለውን ደግሞ ማንም ተማሪ ሲወርድ በፎጣው እየጠረገ ነው የሚወርደው። ፎጣችን ወገባችን ላይ ነው። ሰው በልቶ እጁን እንደሚታጠበው ነው፤ ሳናስበው ነው የምናደርገው።»

«ትናንት የመጨረሻዋ ማን ነበረች?»

«ማሪቪክ። እሷ እንዳያሟልጫት እጇን የምትቀባውን ነጭ ዱቄት ግን የሚጠርግ የለም። ጠዋት ስመጣ የእጄን ምልክት ከላይ ሳየው ደስ ይለኛል ትል ነበር። ትምክህተኛ ነበረች፤ ነፍስ ይማር።»

«ከእናንተ መካከል እስከ ጫፍ የሚወጣ ማነው?»

«ረዳቷ ጃኔል። ዲቪና እንደኔ ጀማሪ ናት፤ ነርስ ናት፣ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ግን ታናድደኛለች። እኔ ስወርድ ዳቦ ቤቱ ጣሪያው የፈረሰ ይመስለዋል፤ እሷ ስትወርድ ድምፅ የላትም። ድመት በያት።»

«ማሪቪክ ፍራሽ የማታነጥፈው ለምንድን ነው?»

«ፍራሽ ለፈሪ ነው ትላለች። ያቺ ልጅ ከሞተች በኋላ እንኳ አልተማረችም።» ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች። «ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አይራ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ያለ ፈቃድ ወጥታ ወደቀች ተባለ።»

«ተባለ?»

«እኔ አልነበርኩማ። የነበረችው እትዬ ኮንሲንግ ናት።»

ሻምበሏ ለሳጅኑ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሳጅኑ ወደ ጣቢያ ሄደ።

ጃኔል ፊቷም ትከሻዋም እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቷል፤ ከላይ እስከ ታች በሎሽን ታብረቀርቃለች።

«ትናንት ጊማራስ ደሴት ባሕር ዳር ውዬ ተቃጠልኩ» አለች። «መሞቷን ሲነግሩኝ አላለቀስኩም፣ ይሄን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት። የፈጠርኩትን ዳንስ የራሴ ነው ብላ ማኒላ ላይ ተሸለመችበት። ሬሳዋን ሳይ የእጇን አገኘች ነው ያልኩት።»

«ደፋር ነሽ። ጠዋት ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«ሁለት ሰዓት ከሩብ። እትዬ ኮንሲንግ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን፤ እጀታውን ቅባት አስነካሽብኝ ብላ ጮኸችብኝ። ማሪቪክም ዛሬ ምሰሶ እንዳትነኪ ብላኝ ቢሮዋ ገባች። እኔ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነበርኩ።»

«አዳራሹ ውስጥ ማን ቀረ?»

«ዲቪና መጥታ ሰላም ብላኛለች። ሌላ አላየሁም።»

ዲቪና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗን አትሰብርም፤ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች።

«የምሰሶ ዳንስ ምን አስጀመረሽ?»

«ለጤናዬ ነው። የሆስፒታል ሥራ ወገብ ይጨርሳል።»

«ምን ያህል ትወጪያለሽ?»

«ከዶክተሯ ትንሽ እበልጣለሁ።»

«ሰው ሲሞት ማየት ለነርስም ይከብዳል» አለች ሻምበሏ፣ እጇን እንደ ማጽናናት ያዝ አድርጋ። ከጣቶቹ ሥር ያለው ቆዳ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ደድሯል። ዝቅ ብላ እግሯን አየች። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ ልክ ጃኔል እግር ላይ እንዳለው፣ የጠቆረ ጠባሳ አለ። «ፎጣሽ የት ሄደ?»

«ረሳሁት። ከዚሁ ተዋስኩ።»

«ያጋጥማል» አለች ሻምበሏ።

ሳጅኑ አንድ የተጣጠፈ መዝገብ ይዞ ተመለሰ። ሻምበሏ መስኮቱ አጠገብ ቆማ አነበበችው። መዝገቡ በአንድ ቀን የተዘጋ ነው፤ ምስክሯ አንዲት ብቻ፣ ኮንሲንግ። «ልጅቷ መምህርቷ ሳታውቅ ወጣች» ይላል። የቅርብ ዘመድ የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈውንና የተፈረመውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳጅኑን የዳቦ ቤቱን የቆሻሻ ጆንያ እንዲገለብጥ ላከችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በምሰሶው ዙሪያ ተቀመጡ። ሬሳው ተነስቷል። ዊልፍሬዶ ሰዓቱን ያያል። ኮንሲንግ ባልዲዋን ገና አልለቀቀችም።

«በእትዬ ኮንሲንግ ልጀምር» አለች ሻምበል ፑሪንግ። «ቂም ነበራት፣ መሰላል ነበራት፣ ሰም ነበራት። አቶ ዊልፍሬዶ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እጠረጥራት ነበር። ግን ማሪቪክ ትናንት ማታ እላይ የተወችው ዱቄት የት ገባ? ክንዷ ከሚደርስበት እስከ ሰሙ ድረስ ያለው ብረት ተጠርጓል። ዱቄቱን የሚነካ ተማሪ እንደሌለ ዶክተሯ ነግራኛለች። መሰላል ላይ ቆሞ ሰም የቀባ ሰው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ይወርዳል፤ መሐሉን የሚጠርግበት ምክንያት የለውም። ይህን የሚያደርገው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ምሰሶውን በእግሩ አቅፎ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ቀብቶ፣ ሲወርድ ፎጣውን ከወገቡ መዞ ሳያስበው የጠረገ። እጁን ከማዕድ በኋላ እንደሚታጠብ ሰው። ሰም ለመቀባት አሰበችበት፣ ለመጥረግ ግን አላሰበችበትም።»

«ጃኔል» አለ ዊልፍሬዶ ከወንበሩ እየተነሳ።

«ቁጭ በል። ጃኔል በሎሽን ተነክራ ነው የገባችው፤ የበሩ እጀታ መዳፌ ላይ መስክሯል። ብትሞክርም አንድ ሜትር አትወጣም። ዶክተር ኔኒታ ደግሞ…»

«ሻማዬን አልገዛሁም» አለች ዶክተሯ በቀጭን ድምፅ።

«ሻማዋን አልገዛችም። የቀረችው ጀማሪዋ ናት።» ሻምበሏ ወደ ዲቪና ዞረች። «ከፍ ብለሽ አለመውጣት ትችያለሽ። አራት ወር ሙሉ አንድ ሜትር ላይ አቅቶኛል ማለት ትችያለሽ። አወራረድ ግን አይደበቅም። ጀማሪ ሲወርድ ዱብ ይላል፤ አንቺ ያለ ድምፅ ትወርጃለሽ። መዳፍሽ ላይ ያለው ቆዳ የአራት ወር ሳይሆን የዓመታት ነው። ፎጣሽን ረሳሁ አልሽኝ፤ ይኸው፣ ዳቦ ቤቱ ጆንያ ውስጥ፣ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። እትዬ ኮንሲንግ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣና ጃኔል ልብስ ስትቀይር አዳራሹ ያንቺ ነበር።» መዝገቡን ከፈተች። «የአይራ የቅርብ ዘመድ፦ ታላቅ እህት፣ ነርስ፣ ባኮሎድ ከተማ። የአባትሽን ስም በባልሽ ስም ለውጠሻል፤ ፊርማሽን ግን አልለወጥሽም፤ እዚህ ስትመዘገቢ የፈረምሽውና ይህኛው አንድ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ዲቪና ዓይኗን አልሰበረችም።

«ከእህቴ ጋር ባኮሎድ አብረን ነው ምሰሶ የተማርነው» አለች። «እኔ ነኝ ያስጀመርኳት። እዚህ ስትመጣ ጎበዝ መምህር አለች ብዬ የላክኳትም እኔ ነኝ። ከወደቀች በኋላ ሦስት ቀን ነው ሆስፒታል የኖረችው። ‹ጫፍ ድረስ ውጪ አለችኝ፣ ከዚያ ስልኳን ልታነሳ ሄደች፣ እትዬ ኮንሲንግ አይታለች› አለችኝ። ለፖሊስ ነገርኩ። የሕመምተኛ ቅዠት ነው አሉኝ። የእህቴን ስም በገዛ ሞቷ ጥፋተኛ አድርገው ጽፈው ዘጉት።»

«እና ገደልሻት» አለች ሻምበሏ።

«ጠዋት ስትወድቅ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽሽም።» ወደ ኮንሲንግ ዞረች፤ እስከ ትናንት እርስዎ ስትላት የኖረችውን ሴት አሁን አንቺ አለቻት። «አንቺን ግን መግደል አልፈለግኩም። እንድትኖሪ ነበር የፈለግኩት። ያላደረግሽውን አድርገሻል እየተባልሽ፣ የሚያምንሽ አጥተሽ፣ እስክትሞቺ እንድትኖሪ። ሰምሽን የመረጥኩት ለዚያ ነው። መሰላል ተውሰሽ ስትመጪ ሳይሽ እግዜር ራሱ አገዘኝ አልኩ።»

ኮንሲንግ ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ማሪቪክ ‹ውጪ፣ ይዤሻለሁ› አለቻት» አለች። «ጫፍ ላይ ደረሰች። ስልኩ ጠራ፤ ማሪቪክ ሄደች። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ነበር። ልጅቷ መምህር፣ መምህር እያለች ተጣራች። ሦስት ጊዜ ተጣራች። እኔ ለመጥራት እንኳ አፌን አልከፈትኩም፤ ስልክ ላይ ሳለች ከተናገርኳት ትቆጣኝ ነበር። ከዚያ ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ። ሥራዬን እንዳላጣ።»

ዊልፍሬዶ መሬት መሬት ያያል።

«ሦስት ጊዜ?» አለች ዲቪና።

«ሦስት ጊዜ።»

«ይሄን አልነገረችኝም።» ቀኑን ሙሉ ያልተነቃነቀችው ሴት ወንበሩን ጨብጣ ቆመች። ማሪቪክን ሁለት ጊዜ መግደል ብትችል ያን ጊዜ ታደርገው ነበር። ግን የሚገደል ሰው አልቀረም፤ የቀረው የእህቷ ጥሪ ብቻ ነው፣ እሱም ገና አሁን ነው የደረሳት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለች ኮንሲንግ።

«አልልሽም።»

ሻምበል ፑሪንግ ለሳጅኑ ጠቀሰችው፤ ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ዲቪና እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«መጀመሪያ ትጻፈው» አለች። «አሁን ያለችውን በሙሉ። ሦስት ጊዜ የሚለውንም።»

ዊልፍሬዶ ይህ ሕግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሻምበሏ ከመዝገቡ ኋላ ባዶ ወረቀት ቀደደችና እስክሪብቶዋን ለኮንሲንግ ሰጠቻት። «በፊተኛው ውሸትዎ ይጠየቁበታል፣ እትዬ» አለቻት። «ይጻፉት።»

ኮንሲንግ ቀስ ብላ የምትጽፍ ሴት ናት። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጻፈች። ዲቪና ከጀርባዋ ቆማ እያንዳንዱን መስመር አነበበች። ከታች ፊርማው ሲያርፍ አየች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን ለሳጅኑ ዘረጋች።