የላይኛው አልጋ

«እናቴ፣ ለኮርኒሱ ሱሪ ሊሰፉለት ነው እንዴ?» አለ ቤቱን የሚያሳያቸው ደላላ።

እማ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ልብስ ሰፊ ናትና ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። «ልጄ፣ ጫፉን ያዝልኝ» ብላ ጩሉሌን ወንበር ላይ አወጣችው። ሜትሩ አንድ ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ እዛ ድረስ ለካችና ግድግዳው ላይ በሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጋ፣ ከምልክቱ ወደ ላይ ቀጠለች።

«ሁለት ሜትር» አለች ቀስ ብላ። «አይገባም።»

«ምኑ ነው የማይገባው?» ደላላው ግራ ገባው። «ቁም ሳጥን ነው? ቀጭኔ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጩሉሌ ለዚህ መልስ አያጣም ነበር። ጩሉሌ የቤት ስሙ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ እንኳን አዋላጇን ሸውዶ ነው የወጣው ይሉታል። ዛሬ ግን ከወንበሩ ወረደና ጫማውን አየ። እማ የምትለካው ለተደራራቢው አልጋ እንደሆነ ያውቃል። ታች እሱ፣ ላይ ታላቅ ወንድሙ ይተኙበት የነበረው የብረት አልጋ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ነው። ወንድሙ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ፤ የላይኛው አንሶላ እስካሁን አልተነሳም።

አባ የመብራት ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደዚህ ከተማ ስላዛወረው፣ ከትንሿ እህቱ ጋር አራቱም በጠዋት አውቶቡስ መጥተው ቤት እያዩ ነው። ይሄኛው ታችኛው ሰፈር ነው። ቤቱ አዲስ፣ ትምህርት ቤቱ መንገድ ማዶ፣ ከጀርባው የኳስ ሜዳ። ጩሉሌ በመስኮት አንድ ልጅ ባዶ ጎል ሲስት አይቶ «ይሄ ሰፈርስ እኔን ይፈልጋል» ብሎ ነበር በሆዱ።

ሁለተኛው ቤት ላይኛው ሰፈር ነው፤ ዳገቱ ነፍስ ያወጣል። ቤቱ አሮጌ፣ ኮርኒሱ ሰማይ ጥግ፣ የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ደግሞ እስከ ወገቡ በሻጋታ ጠቁሯል። እማ እንደገና ለካች። ሁለት ሜትር ከሰማንያ።

«ይገባል!» አለችና ፈገግ አለች።

ጩሉሌ ያንን ፈገግታ ካየ ዘጠኝ ወሩ ነው።

ከኋላው ሚጢ አሳለች። ሚጢ የስድስት ዓመት እህቱ ናት፤ አስም አለባት። አንዴ ሳለች፣ ደገመች፣ ሦስተኛው አላቆም ሲላት አባ ተሸክሟት ወጣና የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሱ መዘዘ።

«ቀለም እንቀባዋለን» አለች እማ ሲመለሱ።

«ሻጋታን ቀለም መቀባት ልብስ ማልበስ ነው፤ አንቺ ደግሞ ታውቂበታለሽ። እሱ እንደሆነ ከሥር አይሞትም» አለ አባ።

መናኸሪያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተከራከሩ። ድሮ ሲጨቃጨቁ ሦስተኛው ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ አሁን ሰው እንደተኛበት ቤት በሹክሹክታ ሆኗል። መጨረሻ ላይ አባ «ክፍሉ የሱ ነው፤ እሱ ይምረጥ» አለ።

እማ ወደ ጩሉሌ ዞረች። «ምረጥ ልጄ። እኔ ምንም አልልም።» አፏ እውነትም ምንም አላለም። ዓይኗ ግን «ላይኛው፣ ላይኛው» ይላል።

ጩሉሌ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና አሰረ። «ነገ ልንገራችሁ?»

በማግስቱ ከሰዓት፣ በድሮው ቤታቸው እቃው ሁሉ ካርቶን እየገባ ነው፤ የሱ ክፍል ብቻ አልተነካም። በሩን ገርበብ አደረገና አልጋውን ቆሞ አየው። ላይ ወጥቶ አያውቅም። ወንድሙ ሕግ ነበረው፦ «ላይ የትልቅ ሰው ነው። ስታድግ ትወጣለህ።» በግድግዳውና በፍራሹ መሃል ባለችው ክፍተት ደግሞ የተጠቀለለ ወረቀት አፍንጫው ላይ ይጥልበት ነበር።

«ማነው?»

«አይጥ ነው» ይል ነበር ወንድሙ ከላይ።

«አይጥ ወረቀት ይወረውራል?»

«የተማረ አይጥ ነው። እንዳንተ መሰለህ?»

ጩሉሌ ጫማውን አወለቀና ወጣ።

ትራሱን አሸተተ። የወንድሙ ሽታ ይኖራል ብሎ ነበር፤ አቧራ ብቻ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር፣ ክፍተቷ አጠገብ፣ ከፍራሹ ጠርዝ ሥር እጁ አንድ ነገር ነካ። የተጠቀለሉ ወረቀቶች። ሰባት ናቸው፤ በሰልፍ ተደርድረዋል። ለሌላ ቀን የተዘጋጀ ጥይት፣ ሳይተኮስ የቀረ።

ትራሱን ነክሶ አለቀሰ፤ ድምፁ እንዳይወጣ።

በሩ ሲጥ አለ። ሚጢ ናት፤ ላይ ሰው መኖሩን ሳታይ ታችኛው አልጋ ላይ ተዘረጋች። ዛሬ ትንፋሿ ጥሩ ነው፤ ለራሷ ትዘፍናለች። ጩሉሌ ትንሽ አዳመጣት። ከዚያ አንዱን ወረቀት አንስቶ በክፍተቷ ለቀቀው።

«ውይ! ማነው?»

«አይጥ ነው።»

ሚጢ በሳቅ ፈረሰች። በሩ ላይ ግን ሌላ ሰው ትንፋሹን ሳበ። እማ ባዶ ካርቶን እንዳቀፈች ወደ ላይ አየች፤ አይታ ቀረች።

«እማ» አለ ጩሉሌ አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ፣ «መፍቻ አምጪልኝ። ብሎኑን የምፈታው እኔ ነኝ።»

«ለምን ትፈታዋለህ?»

«በታችኛው ሰፈር ቤት ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የምንዘረጋቸው። ታችኛው አልጋ ለሚጢ፤ ከናንተ ጋር መተኛት ይበቃታል። ላይኛው የኔ ነው።»

«ሁለቱም መሬት ከነኩ…» የእማ ድምፅ ተሰበረ፤ «ላይኛው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

እማ ካርቶኑን አስቀመጠችና ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችው፤ በጣቶቿ ላይ ጠቅልላ፣ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። መፍቻ ፍለጋ ወጣች።

ጩሉሌ የቀሩትን ስድስት ወረቀቶች አንድ በአንድ ለቅሞ የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ።