ሐጂ በርጩማ ላይ የሚያስቀምጡት ድንጋይ

የጂኒና የዛር ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሰባተኛ ሰፈር ያለውን የክርና የመርፌ ሱቄን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርልኛል፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ "ጥሩወርቅንም ነካ አደረጋት" እንዳትሉኝ፣ ከነገሩ ከራሱ ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ድንጋይ መለየት የጀመርኩት ገበያ ቀዝቅዞ በተቀመጥኩበት ሰሞን ነው። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ አብነት ሰፈር መንገድ ሲቆፈር የወጣውን ስብርባሪ በፌስታል እየለቀምኩ ተማርኩ። መሣሪያዬ ሚስማር፣ ኮምጣጤ፣ ማግኔትና አንድ የሴራሚክ ስባሪ ነው። ድንጋዩን ሴራሚኩ ሻካራ ጀርባ ላይ ስትፈትጉት የሚተወው የዱቄት ቀለም መታወቂያው ነው፣ ላዩ ቢቆሽሽም ቢጠቁርም ያ ቀለም አይዋሽም። የገበያ ተራችን ሰው ይስቅብኛል፣ "ወርቅ ስታገኚ እንዳትረሺን" ይሉኛል፣ ይሳቁ፣ እኔ ግን ከኮብልስቶኑ ጀምሮ ሸራ ነፋስ እንዳያነሳው እስከሚጫንበት ድንጋይ ድረስ ሁሉንም በየስሙ አውቀዋለሁ።

አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ጎረቤቴ ሐጂ ሙዘይን ገመድና ጆንያ ነው የሚሸጡት፣ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፣ ስታመም ሱቄን ከፍተው የሸጡልኝ ሰው ናቸው። ለሶላት ሲሄዱ ሱቃቸውን አይዘጉም፣ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው አንድ ጥቁር ድንጋይ ያስቀምጡበታል። "የለሁም፣ አትግቡ" ማለታቸው ነው፣ ያንን ድንጋይ ደግሞ በተራችን የሚነካው የለም፣ እመኑኝ፣ ሌባው እንኳ ያከብረዋል።

እኔ ነካሁት። ምን ላድርግ፣ የማላውቀው ድንጋይ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ስር ተቀምጦ!

ክረምት ነው፣ አስር ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሐጂ ለሶላት ወጥተዋል። ባዛልት፣ እንደ ኮብልስቶኑ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። ሴራሚኩ ላይ ፈተግ አደረግኩት፣ ነጭ ወጣ። ገርሞኝ ደገምኩት፣ አሁን ቀይ፣ የሸክላ ቀይ። ስባሪውን በቀሚሴ ጠርጌ ለሦስተኛ ጊዜ ስፈትገው ጥቁር ሆነ። እንዲህ የሚባል ነገር የለም! አንድ ድንጋይ ያለው አንድ ቀለም ነው፣ ሕግ ነው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ብቻ ሕጉ ይፈርሳል? በንዴት ለአራተኛ ጊዜ ልሞክረው ስል፣ ከሐጂ ሱቅ ውስጥ፣ ከገመዱ ክምር ጀርባ፣ ሳል ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ሳል፣ ከዚያ ጉሮሮ ጠረግ፣ የሳቸው ሳል፣ ሃያ ዓመት የሰማሁት። ቀጥሎ ገመድ መሬት ለመሬት ሲጎተት ተሰማኝ፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ።

"አስቀምጪው ጥሩዬ" አሉኝ።

በሐፍረት ልሞት። "ይቅርታ ሐጂ፣ የወጡ መስሎኝ ነው" እያልኩ ድንጋዩን በርጩማው ላይ መለስኩና ቀና ስል ማንም የለም። ገባ ብዬ ማየቱን ትቼ ወደ ሱቄ በር ተመለስኩ። ሱቁ ደግሞ ሌላ በር የለውም። ከአስር ደቂቃ በኋላ ሐጂ በመንገዱ በኩል መጡ፣ ጃንጥላ ይዘው፣ የሱሪያቸው ጫፍ በዝናብ ርሶ።

ድንጋዩን ገና ሲያዩት ቆሙ። "ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ ሐጂ፣ አይቼ ልመልሰው ብዬ ነው።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አናገረሽ?" አሉኝ።

"ማን?"

ድንጋዩን በጆንያ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም።

ከማግስቱ ጀምሮ ለሶላት ሲወጡ በሩን በጓጉንቸር መቆለፍ ጀመሩ። ያውም ይህን በሚያህል ጓጉንቸር፣ በተራው ሁሉ ፊት! ሰዉ "ሐጂ ምን ጠፍቶባቸው ነው?" እያለ ሲጠያየቅ ዓይኑን እኔ ላይ ያደርጋል፣ ድንጋዩን ሳነሳ ያዩኝ ነበሩና። ሃያ ዓመት የሰው ክር ያልነካሁ ሴት፣ በአንድ ድንጋይ ምክንያት ሌባ ልባል? ሳምንት ያህል ዋጥ አድርጌ ያዝኩት፣ ከዚያ አልቻልኩም፣ ሊቆልፉ ሲሉ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

"ሐጂ፣ ማጥፋቱን አጥፍቻለሁ፣ ግን እኔን ፈርተው ነው የሚቆልፉት? ይንገሩኝና ቁርጤን ልወቅ!"

ደንግጠው እጄን ያዙኝ። "አስተግፊሩላህ! አንቺማ ልጆቼን አምኜ የምሰጥሽ ሰው ነሽ። ሰው እንዳይገባ መሰለሽ የምቆልፈው?" አሉኝ። ከዚያ ጓጉንቸሩን ጎተት አድርገው መጥበቁን አዩና "ውስጥ ያለው እንዳይወጣ ነው እንጂ" ብለው ወደ መስጊዳቸው ሄዱ።

በማግስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ "ጥሩወርቅ ምንም አልነካችብኝም" ብለው ተናገሩልኝ፣ ስሜም ጸዳ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እሳቸው የቆለፉት በመንገዱ በኩል ያለውን በር ነው፣ የሳቸውንና የኔን ሱቅ የሚለየው ደግሞ አንድ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ እሱም ከታች በኩል በዝገት የተበላ። እኔንስ ማን አሰበኝ?