የማን ልጅ ነሽ?

በሩ ሲንኳኳ ዘሪቱ ቦርሳዋን አንግታ ብድግ አለች። ስምንተኛ ሀ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር የቆመ ሰው የለም። መቀመጫዋን በሩ አጠገብ የመረጠችው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረችም።

የገቡት የላይብረሪው ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ከያዙት ወረቀት ላይ አነበቡ። «ዘሪቱ ከሚል!»

ወረቀት የያዘ ሰው ስም ሲጠራ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ዓይኗን በጨው አጥባ «ቀርታለች» አለች።

ተማሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ስሟን የማያውቅ ተማሪ የለማ! ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲል፣ አጠገቧ የምትቀመጠው፣ በእምነት የምትባለው ልጅ ቀደመችው። «አዎ ጋሼ፣ ዛሬ አልመጣችም።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ቦርሳ አንግታ የቆመችውን ልጅ አየት አደረጓት። «እሺ፤ ነገ ከመጣች በረፍት ሰዓት ላይብረሪ ብቅ ትበል» ብለው ወጡ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ! ይቺ በእምነት ለምን ዋሸችላት? ምን ፈልጋ ነው? ሁለት ወር ሙሉ አብረው ሲቀመጡ ከሂሳብ የቤት ሥራ በቀር ያወሩት ነገር የለም። ጅዳ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እያሉም አንዲት ያለ ነገሩ ደግ የሆነችላቸው ጎረቤት ነበረች። ፖሊሶቹን በራቸው ድረስ መርታ ያመጣችው እሷ ናት ትላለች እናቷ። የዚያን ቀን እናትና ልጅ በባዶ እግራቸው ተወሰዱ። ከዚያ እስር ቤት፣ ከዚያ ስም ከወረቀት እየተጠራ አውሮፕላን፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ «አገርሽ እኮ ነው» የሚላት፣ እሷ ግን በዓይኗ አይታው የማታውቀው የአባቷ ከተማ ቦንጋ። ከመጡ ስድስት ወር ሊሆናቸው ነው። እስከ ዛሬ ጫማዋን እንዳደረገች ነው የምትተኛው፤ ጣቶቿ መሀል ቆስሎ ያቃጥላታል።

የቦንጋ ሰው ደግሞ ጥያቄ ሲወድ! ሽማግሌ የለ፣ ሱቅ ጠባቂ የለ፣ ያገኛት ሁሉ «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። ጅዳ ሳሉ እናቷ «ለማታውቂው ሰው ስምሽን አትስጪ» ትላት ነበር። ዘሪቱም ላገኘችው ሁሉ አፏ ላይ የመጣላትን ስም ትሰጣለች።

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እንደ ልማዷ መንገድ ቀይራ ሄደች። መታጠፊያው ላይ በእምነት ቆማለች።

«ትከተይኛለሽ?»

«ኧረ ቤቴ ነው!» በእምነት ወደ ቆርቆሮው አጥር ጠቆመች። «በፈለግሽው መንገድ ብትሄጂ የምታልፊው በእኛ ደጅ ነው።»

«ለምንድን ነው የዋሸሽልኝ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጀመርሽው?» በእምነት ሳቋ መጣ። «ስሚ፣ ለእናቴ የጣሰው ልጅ ነኝ ብለሻታል። ለባጃጅ ሹፌሩ የአባተ። ወተት ለምትሸጠዋ ደግሞ የወልደ ማርያም! ሂጃብ አድርገሽ፣ የወልደ ማርያም! ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። እናቴ እኮ ከአባትሽ ጋር ነው የተማረችው፤ ቁርጥ እሱን ትመስያለሽ።»

ዘሪቱ በእፍረት ጆሮዋ ጋለ። «ካወቁ ለምን ይጠይቁኛል?»

«ታዲያ በምን ይጀምሩ? የከሚል ልጅ ነኝ ካልሽ፣ አባትሽ ልጅ ሆኖ ከዛፋቸው ላይ እንዴት እንደወደቀ ያወሩልሻል። እዚህ እንደዚህ ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«ከስደት የመጡ ልጆችን ነው የሚጠሩት። ጋሼ ራሳቸው በደርግ ጊዜ ሱዳን ነበሩ። የተመለሱ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ጀርባቸውን አይሰጡም ነበር አሉ። ሌላ ነገር የለውም፤ ያወራሉ። እንቅልፍ እንዴት ነው ምናምን ይላሉ።»

«ማን ላካቸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አቦ! ሂጂና ጠይቂያቸው።»

ዘሪቱ አላመነቻትም። በማግስቱ በረፍት ሰዓት ግን እግሯ ወደ ላይብረሪው ወሰዳት። ላየው ብቻ ነው፣ አልገባም አለች ለራሷ። በመስኮት አጮልቃ አየች። ጋሽ ኃይለሚካኤል ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። እሷም ብትሆን የምትመርጠው ያንኑ ቦታ ነበር። ብዙ ቆመች። ቁስሏ አቃጠላት። ከዚያ ገባች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ቀና ሳይሉ።

የጣሰው ልትል ምንም አልቀራት። «የከሚል» አለች። «ዘሪቱ ከሚል ነኝ። ትናንትም ነበርኩ።»

«አይቼሻለሁ።»

ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩላት። አምስት ስም ብቻ ነው ያለበት፤ አድራሻ የለ፣ ማኅተም የለ። ከላይ መጀመሪያ የተጻፈው የራሳቸው የጋሽ ኃይለሚካኤል ስም ነው።

በሩ ከሚታይበት በኩል ሌላ ወንበር ሳቡላት። ተቀመጠች።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

ዘሪቱ በሩን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።