«ይቀጥል» ያሉት ሠላሳ አንድ ተመልካቾች

የመስኮቷን ልጅ ፍቅር የያዛት በሁለት የወለቁ ጥርሶች ሰበብ ነው ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ይኸው ነው።

የመስኮቷ ልጅ የሚሏት በአጎቷ ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ትኬት ስለምትሸጥ ነበር። አጎቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጋት፣ ሚስት ሳያገባ ፊልም ያገባ ሰው ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ፊደል አይለይም፤ ያወጣውን ደንብ ግን አልሻረም። ፊልም አይቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ አስተያየቱን ጽፎ ይጥላል፤ ከታችም «ይቀጥል» ወይም «ይውረድ» ከሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሐሙስ ሐሙስ ልጅቷ አንድ በአንድ ታነብለታለች። «ይቀጥል» ያለው ከበዛ ፊልሙ ሌላ ሳምንት ይከርማል። ውሳኔው፣ ከተመረጡ አስተያየቶች ጋር፣ በራፉ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ይለጠፋል።

«እኔ ደስ ያለኝን ሳሳይ አዳራሹን የአይጥ መጨፈሪያ አድርጌው ነበር» ይላል አጎቷ። «አሁን ተመልካች ይፍረድ።»

በዚያ ሰሞን የሚታየው ስለ አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ የተሠራ የካራቴ ኮሜዲ ነበር። ጋጋሪው መደባደብ አያውቅም፤ ግን ሲንሸራተት አንዱን ይጥላል፣ ሲያስነጥሰው ሌላውን ይደፋል፣ በሊጥ መዳመጫው አርባ ወንበዴ ያርበደብዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑ ሞልቶ ተረፈ። «ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ እስካሁን አልለቀቅኩትም» ብሏል አንዱ። «ባሌ ከሠርጋችን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው» ብላለች ሌላዋ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ድብድቡ መልካም ነው፤ በዚህ ዓይነት የተጋገረ ዳቦ ግን አልበላም» ብለው ነበር።

ከእነዚህ መካከል በደቃቅና በተስተካከለ ጽሕፈት የተጻፈ አንድ ወረቀት ወጣ።

«በሦስተኛው ድብድብ ጋጋሪው ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። በአራተኛው ድብድብ ሠላሳ ሁለቱንም አሳይቶ ይስቃል። እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ለሁለት ጥርስ አራት ቀን ይፈጅብኛል። ይህ ሰው የት እንዳሠራ ይነገረኝ። ይቀጥል።»

ልጅቷ አንብባ መጨረስ አቃታት። አጎቷም እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና ከሥሩ በራሷ እጅ «በሊጥ ነው ያስተከለው» ብላ ጻፈችበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጣቶቹ ላይ ነጭ ጄሶ የደረቀበት አንድ ቀጭን ወጣት ሰሌዳው ፊት ቆሞ ብቻውን ሲስቅ አየችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጣ።

«በሊጥ የተተከለ ጥርስ ሻይ አይችልም» አላት።

«ታዲያ እርስዎ ምን ይመክራሉ?»

«ቀዝቃዛ ይጠጣ፤ ብዙም አይሳቅ።» ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አያት። «አንቺ ግን ሳቂ። ያንቺ የራስሽ ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ አውቃለሁ።»

ፊቷ ጋለ። ትኬቱን ገልብጣ ሰጠችው፤ እሱም ገልብጦ ተቀበላት። ከዚያ ከኋላ የተሰለፈ ሰው ጉሮሮውን እስኪጠራርግ ድረስ ተያዩ።

ከዚያ ወዲህ ጥርስ ሠሪው አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ያንኑ ፊልም ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ አየ። ከመግባቱ በፊት መስኮቱ ጋ ትንሽ ይቆማል፤ ሲወጣ ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ይጥልና ዞር ብሎ ያያታል። አስተያየቱም ቀስ በቀስ ከጥርስ ራቀ። በአምስተኛው ቅዳሜ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ዳቦ የምትገዛው ልጅ ስትሄድ ጋጋሪው ቆሞ ከኋላዋ ያያታል። ድብድቡን ሁሉ ረስቼ የማስታውሰው ያቺን ብቻ ነው።» ይህን ለአጎቷ አላነበበችለትም። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሌላው ሰው ግን ሰለቸው። ስድስተኛው ሐሙስ ላይ ሣጥኑን ስትከፍት «ይውረድ» የሚለው በዝቷል። «ጋጋሪው ከዚህ በላይ ከወደቀ ይሞትብናል፤ አሳርፉት» ያለም ነበር። ልጅቷ ወረቀቶቹን ይዛ ቁጭ አለች። ፊልሙ ከወረደ ያ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ሊያመጣው? የምታውቀው ከመስኮት ማዶ ብቻ ነው። ቤቱን አታውቅ፣ ወዳጅ ዘመዱን አታውቅ። ሴት ልጅ ደግሞ ጥርስ ሳያማት ጥርስ ሠሪ ዘንድ ሄዳ ምን ትላለች?

እናም ብዕር አነሳች። በግራ እጇ እንደ ተማሪ ጻፈች። ፊደሏን አግዝፋ እንደ ጡረተኛ ወታደር ጻፈች። እጇን እያንቀጠቀጠች «ይህን ፊልም ካወረዳችሁ ከቤት አልወጣም» ያሉ አሮጊት ሆነች። እውነተኞቹን መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃ የራሷን ለአጎቷ አነበበችለት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማትና «እንግዲህ ይቀጥላ!» አለ፤ እሷም ወረቀቶቹን ሰሌዳው ላይ ለጠፈቻቸው። ያሳደጋትን ሰው ዓይኑ ስለደከመ ብቻ አታለለችው። ሆኖም በሚቀጥለው ሐሙስ ደገመችው፣ በሌላውም ሠለሰችው። በሦስት ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰው ሆነች።

በሦስተኛው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ጥርስ ሠሪው ሲወጣ ወረቀት አልጻፈም። መስኮቱን ተደግፎ ቆመ።

«ምን ሆነዋል?» አለችው።

«እናቴ ሩቅ አገር ናት። ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወር አለፈው። እህቴ አራት ልጆቿን እያሳደገች ብቻዋን ታነሳታለች፣ ታስተኛታለች። በየሳምንቱ ‹ና› ትለኛለች።» ጣቱ ላይ የደረቀውን ጄሶ ፋቀ። «ፊልሙ ሲወርድ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሐሙስ መጥቼ ሰሌዳውን ሳየው ‹ይቀጥላል› ይላል። ደስ ይለኛል። ደስ ስላለኝ ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ።»

የልጅቷ እጅ እውነተኞቹን ወረቀቶች የደበቀችበት መሳቢያ ላይ አረፈ። እሱም መስኮቱን ለቆ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት አጎቷ ፊት ተቀመጠች። የያዘችው እውነተኞቹን ወረቀቶች ነበር።

«ጋሼ፣ ያነበብኩልህ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አጎቷ አልደነገጠም። «ልጄ፣ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መች ደከመ? ከአዳራሹ ሳቅ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፅሽ ይለወጣል። እሱን መስማት ጣመኝ፤ የእኔም ጥፋት አለበት።» እጇን ፈልጎ ያዘ። «ግን ሰውን በውሸት አታቆዪ። በውሸት የቆየ ሰው፣ አንድ ቀን ሲያውቅ፣ ይሄዳል አይባልም፤ ያመልጣል።»

ሰሌዳው ላይ ፊልሙ ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚታይ ተለጠፈ።

ቅዳሜ ጥርስ ሠሪው መጣ። ልጅቷ መስኮቱን ዘግታ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። ያንን ፊልም ከዳር እስከ ዳር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያየችው ግን የለም። ክንዱ ክንዷን ነክቶ ነበር፤ ሁለቱም አላራቁትም። መብራቱ ሲበራ ሰዎቹ ወጡና ሁለቱ ቀሩ።

«ሰዎቹ እኔ ነኝ» አለችው። «‹ይቀጥል› ያሉት። ሠላሳ አንዱም።»

መጀመሪያ አልገባውም። «ተማሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወታደሩስ?»

«እኔ።»

«ከቤት አልወጣም ያሉት አሮጊት?»

«እኔው ነኝ። አንተ እንድትመጣ ብዬ ነው።»

«አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቅ አፉ ድረስ መጣና ተመለሰ። ፊቱን ወደ ባዶው ሸራ አዞረ።

«እናቴ ሦስት ሳምንት በር በር አየች» አለ።

«አውቃለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አፌም አይደፍርም።»

«ሁሉን በአንቺ አላላክክም። ለመሄድ የቆረጠ ሰው የሲኒማ ቤት ሰሌዳ አያማክርም። መቅረት ፈልጌ ነው።» ወደ እሷ ዞረ። «የሠላሳ አንዱን አስተያየት አነበብኩ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እንባዋ ቀደማት። ቢሆንም ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«እወድሃለሁ። ሂድ።»

«አብረን እንሂድ።»

«ጋሼን ለማን ልተወው?»

ይህን የጠየቀችው እናቱን ለማንም መተው ያልቻለውን ሰው ነው። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። ጄሶ ያሻከረው ጣቱ እስከ ዛሬ ድረስ መዳፏ ላይ ያለ ይመስላታል።

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ሄደ። ጠብቂኝ አላላትም፤ እጠብቅሃለሁም አላለችውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። እናቱ ከአልጋ አልተነሳችም። የአጎቷም ዓይን ጭራሽ ጠፍቶ አሁን እጁን ይዛ ነው የምትመራው። ጥርስ ሠሪው እሁድ እሁድ ጠዋት ስልክ ይደውልላታል። እናቱ ምን እንደበላች፣ ስንት ጥርስ እንደሠራ ይነግራታል። እሷም ምን ፊልም እንደመጣ፣ ሰው ምን እንዳለ ትነግረዋለች። «መቼ ትመጣለህ?» «መቼ ትመጪያለሽ?» መባባል ከተዉ ቆይተዋል፤ መልሱ የእናት ሞት ወይም የአጎት ሞት ነውና አፍ አውጥቶ የሚመኘው የለም።

አንዳንዴ ወሬው ያልቅባቸዋል። እሱ ትንፋሿን ይሰማል፣ እሷም የእሱን። ስልኩን ቀድሞ የሚዘጋ ግን እስካሁን አልተገኘም።