ያለ ውሃ የተዋጠ ኪኒን

«ሰገራሽ ጠቁሮ ያውቃል?»

ዶክተሩ ሳያትን ጠየቋት። ዛሬ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ያየችው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ከዐይኗ አልጠፋም። አጠገቧ የተቀመጡት አባቷ አቶ ወልደ ማርያም ቀደሟት።

«በርበሬ ነው፣ ዶክተር! ከጎሬ እስከ መቱ መንገዱን ሁሉ ሆዷን ይዛ ነው የመጣችው። መቼም ይቺ ልጅ ሚጥሚጣ ካላየች አትበላም። በዚያ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት።» ከዚያ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ዘንድሮ ግን ሁዳዴን ከእኔ እኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ነው። ለፋሲካ አብረን እንቆርባለን» አሉ።

ሳያት አንገቷን ደፋች። መጾሙንስ ጾማለች። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ራሷን ሲፈልጣት ጓደኛዋ አቢጋኤል «ኢቡፕሮፌን ዋጪ፣ ፏ ትያለሽ» ብላ ሰጠቻት። ውሃ ከጠጣሁ ጾሜ ይፈርሳል ብላ በምራቋ ብቻ ዋጠችው። ሲለመድ በቀን ሁለት፣ ሦስት ሆነ፤ ይኸው አምስተኛ ሳምንቷ። ኪኒኑም ራሱ ጾም እንደሚገድፍ ልቧ ያውቀዋል። ከአባቷ የደበቀችው ከእግዜርም የተደበቀ ይመስል!

ዶክተር ደቅሲሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋሼ፣ በርበሬና ጭንቀት ሕመሙን ያባብሱ ይሆናል እንጂ ጨጓራንና ትንሹን አንጀት የሚያቆስሉት ብዙውን ጊዜ ሌሎች ናቸው። አንዱ ባክቴሪያ ነው፤ እሱን እንመረምራለን። ሌላው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ነው፣ በተለይ ሲደጋገም። ቁስሉ ከደማ ሰገራ ይጠቁራል። ያኔ ዝም ከተባለ ደግሞ...» አልጨረሱትም።

ሳያት የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። ልሞት ነው? ፈራች፤ በጣም ፈራች። ሞቱንም፣ የአባቷንም ፊት።

ዶክተሩ ሳያስተውሏት አልቀሩም። «ሂን ሶዳትን፣ አትፍሪ» አሏትና ወደ አባቷ ዞሩ። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ውጭ ይጠብቁን።»

አባቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ትንፋሿ ቀለል አለላት። አሁን ለዶክተሩ ብቻ ሹክ ብትል ትታከማለች፤ አባቷም አያውቁም። ፋሲካ ሲደርስ እየሳቁ አብረዋት ይቆርባሉ። ይህን ስታስብ ሆዷን ከሚያቃጥላት የባሰ ነገር ተሰማት።

«አባባ፣ አይውጡ» አለች።

የአባቷ እጅ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

«ጠቁሯል፣ ዶክተር። ኪኒንም እውጣለሁ፤ በየቀኑ፣ በጾም ሰዓት።» እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ዐይኖቿን ጨፍና የአባቷን ኮቴ አዳመጠች፤ ወደ ውጭ ይሁን ወደ እሷ።